ኬዝ ላይ እያሉ መኖር፦ ወረቀት ለሚጠብቁ፣ ላገኙና ለሌላቸው

አሜሪካ ውስጥ «ደስተኛ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ስለ ወረቀቱ፣ ማለትም ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ነው። «ኬዜ ይለቅ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» ይላል፤ ኬዝ የሚለው የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ነው።

ግማሹ እውነት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በኢራቃውያን ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ተደርጎ በ2004 የታተመ ጥናት አለ። አገሩ ከገቡ ስድስት ወር ካልሞላቸው መካከል 42 በመቶ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ከጠበቁት መካከል ግን 66 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። በስዊዘርላንድ የጄኔቫ ካንቶን ደግሞ በ2017 እና በ2018 «ኦፐሬሽን ፓፒረስ» በተባለው ፕሮግራም ከሁለት ሺህ በላይ ወረቀት አልባ ነዋሪዎች ፈቃድ አግኝተው ነበር፤ የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች ፈቃድ ያገኙት ካላገኙት የተሻለ የሕይወት እርካታ እንዳላቸው መዝግበዋል።

ሌላው ግማሽ ግን ብዙም አይወራም። ሰውን የሚጎዳው ወረቀት ማጣቱ ብቻ ሳይሆን «ወረቀት ይምጣና» ተብሎ የሚተወው ነገር ነው፦ የጥርስ ሕክምናው፣ እንግሊዝኛው፣ ትዳሩ፣ ጓደኝነቱ፣ እንቅልፉ። ከዚህ በታች ያለው ወረቀት የሚጠብቀውን ነገር ከማይጠብቀው መለያ ነው። ሕግ ነክ ዝርዝሩ የአሜሪካ ነው፤ ደንቡም ክፍያውም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ማንኛውንም ፎርም ከማስገባታችሁ በፊት የዕለቱን መመሪያ ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ አንብቡ።

መጀመሪያ መለካት

አንድ ሉህ ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 10 ደረጃ ያለው መሰላል ሣሉ። 10 ለእናንተ ሊሆን የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ሕይወት፣ 0 ከሁሉ የከፋው ነው። ዛሬ ስንተኛው ደረጃ ላይ ቆማችኋል? መለኪያውን ያስተዋወቀው ሃድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ በየዓመቱ የአገሮች የደስታ ደረጃ የሚወጣውም በዚሁ ጥያቄ ነው። ከጠቅላላው ቁጥር ሥር ስድስት መስመር ጨምሩ፦ ወረቀት፣ ሥራና ገንዘብ፣ እንቅልፍና ጤና፣ ቤተሰብ፣ ወዳጅና ማኅበር፣ ክብር። ክብር ያልነው በምትሠሩት ሥራና በምትኖሩበት ሁኔታ አንገታችሁን ቀና ማድረግ መቻላችሁን ነው። በስደት ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ስለሱ የሚጠይቃችሁ ግን የለም።

በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቀን ሙሉት፤ ለምሳሌ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ማታ። ከአገር ቤት ከባድ ስልክ በተደወለ ማግስት ወይም ኮርት ባለበት ሳምንት ከሆነ ለሚቀጥለው እሑድ አስተላልፉት፤ አለዚያ የምትጽፉት የዚያን ቀን ስሜት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ አይደለም። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ተመስገን» ማለት የለመደ ሰው እስክሪብቶ ሲይዝም 8 ይጽፋል። ተመስገኑ ለእግዜሩ ነው፤ ይኼኛው ለራሳችሁ ነው፣ ማንም አያየውም።

ሦስት ወር ሲሞላ ቁጥሮቹን አስተያዩ። «ወረቀት» 2 ላይ እንደቆመ «ወዳጅና ማኅበር» ከ3 ወደ 5 ከወጣ የያዛችሁት መንገድ እየሠራ ነው። ሁሉም አብረው ከወረዱ ከእንቅልፍ ጀምሩ፤ ሌላው ያለ እሱ አይነሳም። «ወረቀት» 9 ሆኖ «ክብር» 3 ከሆነ ችግራችሁ የኢሚግሬሽን አይደለም፤ «ወረቀቱ ሲመጣ» ወደሚለው ክፍል ዝለሉ።

ኬዝ ላይ ላላችሁ

የሚጠብቅን ሰው ሌሊት የሚያባንነው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእጁ የሌለው ነው፦ ዳኛው፣ ወረፋው፣ የፖሊሲው መለዋወጥ። ሌላው በእጁ ያለ ግን ያላለቀ ነው። ሁለተኛውን መጨረስ ወረፋውን አያሳጥርም፤ እንቅልፍ ግን ይመልሳል። ስለዚህ ፋይላችሁን ቅድሚያ ስጡት።

የጥገኝነት ማመልከቻው፣ አይ-589 የሚባለው ፎርም፣ አሜሪካ ከገባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ዓመቱ ያለፈበት ሰው በር ሁሉ አልተዘጋበትም፤ የአገር ቤት ሁኔታ መለወጥ ወይም ከባድ ሕመም፣ የአእምሮ ሕመም ጭምር፣ እንደ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል። ግን ማስረጃ ይጠይቃል፣ ያለ ጠበቃ አይሞከርም።

ማመልከቻው ሲገባ ሰዉ «ክሎክ» የሚለው ቆጠራ ይጀምራል። ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው ደንብ ወርክ ፐርሚት ከ150 ቀን በኋላ ይጠየቃል፣ ከ180 ቀን በፊት አይሰጥም። እናንተ ያመጣችሁት መዘግየት ክሎኩን ያቆመዋል። የአሻራ ቀጠሮ መቅረት አንዱ ነው፤ ሁለተኛው ጠበቃችሁ ችሎት ላይ «ጊዜ ይሰጠኝ» ማለቱ ነው፤ ብዙ ሰው ይህንን የሚያውቀው ወርክ ፐርሚቱ ሲከለከል ነው። ጠበቃው ቀጠሮ ላስለውጥ ሲል «ክሎኬ ይቆማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። የእድሳት ማመልከቻ የወርክ ፐርሚት ካርዱ ሊያልቅ 180 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል፤ አታዘግዩት። ቀድሞ እድሳት የጠየቀ ሰው ካርዱ ቢያልቅም እስከ 540 ቀን ድረስ መሥራት ይችል ነበር፤ ከኦክቶበር 30፣ 2025 ጀምሮ ለሚገባ እድሳት ያ ማራዘሚያ ቀርቷል። ስለዚህ ካርዱ አልቆ አዲሱ ያልደረሰባቸው ወራት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለእነሱ የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ መቀመጥ አለበት።

አድራሻ ስትለውጡ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ለዩኤስሲአይኤስ፣ በ10 ቀን ውስጥ በኤአር-11 ፎርም ታሳውቃላችሁ። ኬዙ ኮርት ላይ ከሆነ ለኮርቱ ለብቻው፣ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በኢኦአይአር-33 ፎርም ታሳውቃላችሁ። ለአንዱ ስለነገራችሁ ሌላው አያውቅም። ቤዝመንት ተከራይቶ የፖስታ ሳጥን በአከራዩ ስም ሲሆን ደብዳቤ ይጠፋል፤ የኮርት ጥሪ ጠፍቶ ያልቀረበ ሰው በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ይወጣበታል። ሳጥኑ ላይ ስማችሁን በፓስፖርቱ ፊደል ለጥፉ፤ የፖስታ ቤቱን «ኢንፎርምድ ደሊቨሪ» የሚባል ነፃ አገልግሎት ክፈቱ፤ የሚመጣላችሁን ፖስታ ፎቶ በየጠዋቱ በኢሜይል ይልካል። ከጁላይ 2025 ወዲህ ውሳኔ ያላገኘ የጥገኝነት ማመልከቻ ዓመታዊ ክፍያ ስላለበት ማሳወቂያው እንዳያመልጣችሁም ይረዳል። የኮርት ቀጠሮን በ1-800-898-7180 ደውሎ ኤ-ቁጥር የሚባለውን የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥር በማስገባት ማረጋገጥ ይቻላል።

ፋይሉ ውስጥ ሌላ ቦታ የማይነገር ወጥመድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። «በ2012 ታሠርኩ» የሚል ሰው ስምንት ዓመት ደምሮ 2020 ያስጽፋል። ነገር ግን ታኅሣሥ 20 ቀን 2012 ዲሴምበር 30፣ 2019 ነው፤ ጥር 20 ቀን 2012 ደግሞ ጃንዋሪ 29፣ 2020። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ዲሴምበር ማለቂያ የሚደመረው 7 ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ» ያላችሁትን አስተርጓሚው ሳያስብ «ኤይት» ካለው፣ በማመልከቻው ላይ 2 ኤኤም ከተጻፈው ጋር ተጋጭቶ ውሸታም ያስመስላችኋል። ታሪካችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈው በአማርኛ ይነበብላችሁ፤ የገባውን ሁሉ ኮፒ ውሰዱ። የኢሚግሬሽን የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። ፎርም ሞልቶ «እኔ አልፈርምም» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

ፋይሉ ከተስተካከለ በኋላ ለኬዙ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት። ስታተስ የምታዩት፣ ለጠበቃ ኢሜይል የምትጽፉት፣ የኢሚግሬሽን ዜና የምታነቡት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ስታተስ መክፈት ምንም አይለውጥም፤ ልብን በየጊዜው ማስደንገጥ ብቻ ነው። በሳምንቱ መካከል ቲክቶክ ላይ ወይም ፓርኪንግ ሎት ውስጥ የሰማችሁትን ወሬ ጻፉትና ቅዳሜ አጣሩት፦ ማን አወጣው? መቼ? ሕግ ነው ወይስ ገና ሐሳብ? እኔ ያለሁበትን ምድብ ይነካል? አብዛኛው ወሬ አራቱን ጥያቄ አያልፍም። ያለፈውን ለጠበቃችሁ ላኩ።

«ከኔ በኋላ ገብቶ ከኔ በፊት ኢንተርቪው ወጣለት» የሚለው ቁጭት ብዙ ሰው ያሳምማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጥገኝነት ቢሮዎች ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ በቅርብ የገባውን ያስቀድማሉ። ከዚያ በፊት የገባ ሰው ወደ ኋላ የቀረው ታሪኩ ደካማ ስለሆነ ወይም ጠበቃው ስለተኛ አይደለም።

ለቅሶ ቤት፣ ክርስትና ላይ፣ ሁሉም ቦታ «ኬዝህ ምን ደረሰ?» መባል አይቀርም። ብዙዎች ይህን ጥያቄ ፈርተው ከሰው ይርቃሉ፤ «ወዳጅና ማኅበር» የሚለው መስመር የሚወርደው ያኔ ነው። አንድ መልስ አዘጋጁ፤ «ጠበቃ ይዞታል፣ ሲሳካ አብረን እንበላለን» በቂ ነው፤ ወዲያው «ልጆች እንዴት ናቸው?» ብላችሁ እለፉ። የጥገኝነት ታሪካችሁን ቤት ለሚጋራችሁ ሰው መንገር ግዴታ የለባችሁም። ሆኖም ሁሉን የሚያውቅ፣ ፋይሉ የት እንዳለና የጠበቃው ስልክ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ የምታምኑት ሰው ይኑራችሁ።

የመጠበቂያውን ጊዜ ባዶ መተው በኋላም ያስከፍላል። በ2016 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ውሳኔ አንድ ዓመት በዘገየ ቁጥር ስደተኛው ፈቃድ ካገኘ በኋላም ሥራ የማግኘት ዕድሉ ከ4 እስከ 5 የመቶኛ ነጥብ እንደሚወርድ አሳይቷል። ጥናቱን ያደረጉት ምክንያቱ ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ ይገምታሉ። ስለዚህ ወርክ ፐርሚት ሳይመጣ የሚጀመረውን አሁኑኑ ጀምሩ፤ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጥ ነፃ የእንግሊዝኛ ክፍል ወረቀት አይጠብቅም። ካርዱ ሲመጣ አጭር ሥልጠና ይቀጥላል። የነርስ ረዳትነት፣ ሲኤንኤ የሚሉት፣ በፌዴራል ደንብ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ አንዳንድ ስቴቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። የትራክ መንጃ ፈቃድ ያማራችሁ ግን ረጋ በሉ። ለጊዜያዊ ወርክ ፐርሚት ያዦች ሲዲኤል ከ2025 ወዲህ በጣም ጠብቋል፤ ለትምህርት ቤቱ ሺዎች ከመክፈላችሁ በፊት መንጃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ፣ ዲኤምቪ፣ ሄዳችሁ «በዚህ ካርድ ትሰጡኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንቅልፍ፣ ጠበልና ሐኪም

ሐኪም ቤት ፒኤችኪው-9 የሚባል ዘጠኝ ጥያቄ ይሰጧችኋል። እያንዳንዱ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ 10 ሲደርስ ሐኪሙ በቁም ነገር ያየዋል። የአማርኛው ትርጉም አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሾ አስተማማኝነቱ ታይቷል፤ «በአማርኛ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ጭንቀት ብዙ ጊዜ ራስ ምታት፣ ልብ ምት፣ ጨጓራ፣ የሰውነት ማቃጠል ሆኖ ነው የሚነገረው። «ጨጓራዬን ነው» ብቻ ብላችሁ ከወጣችሁ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷችሁ ትመለሳላችሁ። «ሌሊት ስንት ሰዓት እተኛለሁ፣ ስንት ጊዜ እባንናለሁ» የሚለውን በቁጥር ንገሩ።

አስተርጓሚን በተመለከተ ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ሠፈሩ ትንሽ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል። መፍትሔው በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ስቴት የሆነ ሰው መጠየቅ ነው። ስም መናገር አያስፈልግም፣ አስተርጓሚውም በሐኪሙ ምስጢር ጠባቂነት ውስጥ ነው ያለው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የአሥር ዓመት ልጅ እናቱ ስለ መሞት እንደምታስብ በራሷ አፍ መስማት የለበትም።

ጠበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱን እንዲያቆም የሚገፋው አማኝ ዘመድ አይጠፋም። ሁለቱ አይጣሉም፤ ክኒኑን በጠበሉ የሚውጥ ሰው ሞልቷል። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪሰማ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ተብሎ መተው የተለመደው ስሕተት ነው። በድንገት ማቋረጥም ያዞራል፣ ያስጨንቃል፤ ልትተዉት ከፈለጋችሁ ሐኪሙን አስቀድማችሁ አማክሩ። ኢንሹራንስ ለሌለው በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የኮሚኒቲ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ 988 ይደወላል፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ «አማሪክ» ካላችሁ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።

ስልኩና ብሩ

ወረቀት ያለውም የሌለውም አንድ ዓይነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ያለው ሰው «አሜሪካ ገባ» እንጂ «ኬዝ ላይ ነው» የሚለውን አያውቅም። የሚላከው ገንዘብ በጥያቄው ልክ ከሆነ ማለቂያ የለውም፤ በገቢ ልክ ይሁን። ለምሳሌ በወር 2600 ዶላር በእጁ የሚገባ ሰው ለክፍል ኪራይ 900፣ ለምግብ 350፣ ለትራንስፖርት 300፣ ለስልክ 60፣ ለጠበቃ ክፍያ 400፣ ወርክ ፐርሚት ቢዘገይ ለሚሆን መጠባበቂያ 250 ያወጣል እንበል። የቀረው 340 ነው። ከዚህ 200 በየወሩ በተወሰነ ቀን ይላክ፣ 40 ለለቅሶና ለሠርግ ይቀመጥ፣ 100 ለራስ ይቅር። ቤተሰቡ መጠኑንና ቀኑን አስቀድሞ ሲያውቅ በየሳምንቱ የሚመጣው «አንድ ነገር ቸግሮን» ይቀንሳል። ሁሉንም ልኮ ባዶ እጁን የቀረ ሰው በሚቀጥለው ስልክ ሲደወል ማንሳት ያስጠላዋል፤ ያኔ ገንዘቡም ፍቅሩም አብሮ ይደርቃል። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ታክስ ስላለ ከባንክ ሂሳብ ወይም በዴቢት ካርድ መላክ ይሻላል።

ዕቁብ ግቡ፤ በየሳምንቱ ከሰው ያገናኛል፣ «ክብር» የሚለውን መስመርም ያነሳል። አንድ ደንብ ግን አለው፤ ዕቁቡ የሚያልቅበት ቀን ወርክ ፐርሚታችሁ ከሚያልቅበት ቀን መቅደም አለበት። ቀድሞ በልቶ ካርዱ ያለቀበት ሰው መክፈል ሲያቅተው የሚያጣው ብሩን ብቻ አይደለም፤ ዳኛውንም ጸሐፊውንም ሸሽቶ ከሠፈሩ ይወጣል። ዕድር ግን አታመንቱ፣ በመጣችሁ በመጀመሪያው ዓመት ግቡ።

ወረቀት የሌላችሁና ቲፒኤስ ላይ ያላችሁ

ቲፒኤስ፣ አገሩ ጦርነት ወይም አደጋ ላይ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ጊዜያዊ ከለላ፣ ለኢትዮጵያ መጀመሪያ የተሰጠው በዲሴምበር 2022 ነው። በባሕርዩ ጊዜያዊ ነው፣ ብቻውን ወደ ግሪን ካርድ አይወስድም፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው መንግሥት ነው፣ ፍርድ ቤትም ይገባበታል። ከአውስትራሊያ የወጡ ጥናቶች ጊዜያዊ ከለላ የያዙ ስደተኞች ቋሚ ካገኙት የበለጠ በጭንቀትና በድብርት እንደሚሠቃዩ አሳይተዋል። ስለዚህ ቲፒኤስ ያለው ሰው «ለጊዜው ተገላገልኩ» ብሎ መቀመጥ የለበትም። ጥገኝነት መጠየቅ ወይም በቤተሰብ ማመልከት ይችል እንደሆነ በዚያው ወቅት ጠበቃ ያማክር። ቲፒኤስ ካበቃ በኋላ የአንድ ዓመቱ ገደብ ላለፈበት ሰው ጥገኝነት ለመጠየቅ ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር ነው፣ ግን ሕይወቱን ይለውጣል። ልጆች ያለ ወረቀት የሕዝብ ትምህርት ቤት የመማር መብታቸው በ1982 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸንቷል። ድንገተኛ ክፍል መክፈል ለማይችልም ሆነ ወረቀት ለሌለው ሰው ምርመራና የማረጋጊያ ሕክምና መስጠት ግዴታው ነው። መንጃ ፈቃድ ሐበሻ በሚበዛባቸው በሜሪላንድ፣ በዲሲ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በዋሽንግተን ስቴት፣ በኮሎራዶና በካሊፎርኒያ ያለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ይገኛል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግብር መክፈላችሁን የሚያሳይ ሰነድ ይፈልጋሉ። ያለ ፈቃድ መንዳት ደግሞ አንድን ሰው ወደ ፖሊስ፣ ከዚያም ወደ ኢሚግሬሽን የሚያስገባ አጭሩ መንገድ ነው። ቤት የመጣ መኮንን ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ከሌለው በር አለመክፈት ትችላላችሁ፤ ወረቀቱን በመስኮት ያሳይ ወይም ከበር ሥር ያስገባ። ዝም የማለት መብትም አላችሁ፤ የውሸት ወረቀት ማሳየት ግን ከዝምታ በብዙ የከፋ ነው።

ወረቀቱ ሲመጣ

የጥገኝነት ፈቃድ ባገኙ ሰዎች ላይ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ባዶነት መግባቱ የተለመደ ነው። ለዓመታት ሁሉም ድካም «ወረቀት» የሚል አንድ ስም ነበረው፤ ያ ስም ሲወገድ ድካሙ ግን አብሮ አይሄድም። የመሰላሉ ሉህ ያኔ ነው ይበልጥ የሚጠቅመው፣ አትተዉት። በዚያው ጊዜ የሚያልፉ ቀነ ገደቦችም አሉ፤ ደስታውም ድብርቱም እንዳያስረሳችሁ። የትዳር ጓደኛና ያላገቡ፣ 21 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በአይ-730 ፎርም የሚመጡት ፈቃዱ ከተሰጠ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተጠየቀ ነው። አንድ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከቆያችሁ በኋላ ለግሪን ካርድ ማመልከት ይቻላል፤ ሲጸድቅ ቀኑ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ስለሚጻፍ የዜግነት መጠበቂያው በዚያው ያጥራል። እናትን ለማየት ናፍቆት ይገድላል፣ ይገባናል፤ ግን ሸሽቻለሁ ወዳላችሁበት አገር፣ በዚያው አገር ፓስፖርት መሄድ ፈቃዱን ለጥያቄ ይዳርጋል። ብዙ ቤተሰብ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሦስተኛ አገር ላይ ይገናኛል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን መመለሱ እንደማያሰጋችሁ ጠበቃ ይንገራችሁ።

በዲቪ የመጣው ሰው ነገር ሌላ ነው። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ቀን አለው፣ የሚያንሰው ክብሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኢንጂነር የነበረ ሰው ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲደረድር፣ ራሱን የሚያስተያየው ኬዝ ላይ ካለው ጎረቤቱ ጋር ሳይሆን አገር ቤት ኮንዶሚኒየም ካስረከበው የክፍል ጓደኛው ጋር ነው። «ወረቀት አለህ፣ ምን ጎደለህ?» ስለሚባል ማማረርም አይችልም። የሚሠራው መንገድ ሙያን በትንሽ በትንሹ መመለስ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገ ኤንቨሎፕ የሚላክ ትራንስክሪፕት ነው፤ ከአገር ሳይወጡ መጨረስ ይሻላል፣ እዚህ ሆኖ ማስጨረስ ወራት ይፈጃል። ቀጥሎ የትምህርት ግምገማ ነው። ነርሶች የሚቀጠሩበትን ስቴት የነርሶች ቦርድ ደንብ አስቀድመው ያንብቡ፤ ግምገማውን ሲጂኤፍኤንኤስ (አሁን ትሩሜሪት) በተባለው ገምጋሚ ድርጅት በኩል የሚፈልግ ቦርድ አለ፤ የነርስነት ፈቃድ ፈተናው ኤንክሌክስ ይባላል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ለዚህ ብቻ ይያዝ፤ ትርፍ ሰዓት ሥራ በመጣ ቁጥር የሚሠረዘው እሱ ስለሆነ ለአለቃ «እነዚህን ሰዓታት አልችልም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

የት እንደምትኖሩም አስቡ። በ2018 የወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ሕዝባቸው በጠቅላላው ከሁሉ በላይ ደስተኛ የሆነ አሥሩ አገሮች በስደተኞቹም ደስታ ከአሥራ አንዱ የላይኛ ቦታዎች አሥሩን እንደያዙ አሳይቷል፤ የስደተኛው ስሜት ከመጣበት አገር ይልቅ አሁን ወዳለበት ያደላል ማለት ነው። ሪፖርቱ ስለ አገሮች ቢሆንም ለከተማም ይሠራል ብለን እናምናለን። ኪራይ ረከሰ ብሎ እንጀራ፣ ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ወደሌለበት ከተማ የሄደ ብዙ ሰው በዓመቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመለስ እናያለን።

አንድ ቤት፣ ሁለት ሦስት ወረቀት

ባል ግሪን ካርድ፣ ሚስት ኬዝ ላይ፣ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ዜጋ፤ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። በ2017 የታተመ ጥናት በልጅነታቸው ለመጡ ወረቀት አልባዎች የተሰጠውን፣ ዳካ የተባለውን ጥበቃ ማግኘት የቻሉ እናቶች አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ከጭንቀት ጋር የተያያዘ የሕመም ምርመራ ውጤታቸው ከ7.8 በመቶ ወደ 3.3 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። የእናት ፍርሃት ልጅ ውስጥ ይገባል፣ እናት ባትናገርም። ስለዚህ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ እውነቱ በልኩ ይነገረው፦ «እማዬ ወረቀት እየጠበቀች ነው፤ እማዬ ብትዘገይ ከትምህርት ቤት የምትወስድሽ አክስትሽ ናት።» የአክስቷ ስም ትምህርት ቤቱ ፎርም ላይ በእርግጥ ይጻፍ፤ ልጁን ለጊዜው እንድታሳድግ የሚያስችላት ውክልናም በስቴቱ ሕግ መሠረት ተፈርሞ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ። ወረቀት ያለው የትዳር ጓደኛ «እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር» የሚለውን በቀልድም አይበል፤ በጥል ጊዜ ወረቀት ማንሳት ከቤቱ ውስጥ ክብርን የሚያወጣ ነገር ነው። ጥቃትና ማስፈራራት ካለ ደግሞ ጥቃቱ የደረሰበት ሰው ባልና ሚስቱ ሳይስማሙ ብቻውን የሚያመለክትበት ሕግ አለ፤ ጠበቃ በምስጢር ይጠየቅ።

ዜግነት በግሪን ካርድ አምስት ዓመት፣ ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር ለሚኖር ሦስት ዓመት ነው፤ ማመልከቻው ኤን-400 ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ሊገባ ይችላል። ከስድስት ወር በላይ አገር ቤት መቆየት ጥያቄ ያስነሳል፣ ከዓመት በላይ መቆየት ቆጠራውን ይሰብራል። «እንግሊዝኛዬ ይስተካከልና» ብሎ ለዓመታት ማዘግየት የተለመደ ነው። ማዘግየቱን ከመወሰናችሁ በፊት ግን የልጆቻችሁን ዕድሜ ቁጠሩ፦ ግሪን ካርድ ያለው፣ ከእናንተ ጋር የሚኖር ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱ ዜጋ ከሆነ ልጁም ያለ ፈተና በዚያው ቀን ዜጋ ይሆናል። አንድ ቀን ካለፈው ራሱ አመልክቶ፣ ራሱ ተፈትኖ፣ ራሱ ከፍሎ ነው የሚያገኘው።